የሲሳይነሽ ሦስት መወርወሪያዎች

ሲሳይነሽ ስትጨነቅ እንጂ ስታርፍ ያያት ሰው አልነበረም። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የሚካኤል አጥቢያ እናቶች ልጅ ሲድሩ «እንደ ሲሳይነሽ እንዳትሆኚ» ብለው ይመክሩ ነበር። ደመና ሲጠቁር በረዶ መጣ ትላለች፤ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ዝናቡን ማን ወሰደው ትላለች። ጎረቤት ስቆ ካለፈ ምን ሰምቶ ነው የሳቀው፣ ዝም ብሎ ካለፈ ምን አስቦ ነው ዝም ያለው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄዳም ቅዳሴው አያልቅላትም። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሳያሰናብት እሷ ነጠላዋን እያጣፋች ቁልቁለቱን ጨርሳለች። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጨረሻውን ስንብት የሰማችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ያገባች ሰሞን፣ ሁለተኛው ባሏ የተቀበረ ዕለት።

መሳቅ ቀላል ነው። የሳቁባት ሁሉ ግን እሷ ያየችውን አላዩም።

በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሬት ሲደለደል ባሏ ቢሆነኝ ገመድ ያዥ ሆኖ ተመረጠ። እጁ ስለማያዳላ ነው የመረጡት፤ ለወንድሙም ለባላጋራውም እኩል ገመድ ይጥላል። ርስታቸው ላይ ገመድ የተጣለባቸው ሰዎች ግን ጠመንጃቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። ቢሆነኝ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ይገባና በሩን በመወርወሪያ ይዘጋል። አንድ አመሻሽ ላይ ጥጃዋ ተፈትታ ጮኸች። ሲሳይነሽ «አሁን መጣሁ» ብላ መወርወሪያውን ስባ ወጣች። ጥጃዋን አስራ ስትመለስ አራት ሰዎች ከቤቷ ሲወጡ አየች። ባሏን ደፉ ላይ በጎራዴ ቆራርጠውት፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ አንገቱ ላይ ጠምጥመውለት ነበር የሄዱት። የስድስት ዓመቱ ልጃቸው ዘሩ አባቱ አጠገብ ተንበርክኮ ደሙን በእጁ እየዘገነ ወደ ቁስሉ ይመልስ ነበር።

የገደለው ጎራዴ ነው። የሲሳይነሽ ልብ ግን የፈረደው መወርወሪያውን በሳበው በራሷ እጅ ላይ ነው።

አርባው እንደወጣ አናጢ አስጠርታ ሁለት መወርወሪያ አስጨመረች። ሦስቱም ጉማጅ ወይራ ናቸው። የላይኛው ለሽፍታ፣ የመካከለኛው ለጅብ፣ የታችኛው ደግሞ እሷም ስሙን ለማታውቀው ነገር። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሰው ሲያንኳኳ «ማነው? ብቻህን ነህ?» ሳትል አትከፍትም። የዘሩ የክርስትና አባት ቸኮለ ያን ጊዜ ተራ ገበሬ ነበርና እየሳቀ «እትየ ሲሳይነሽ፣ አንች ቤት ኸመግባት መንግሥተ ሰማያት መግባት ይቀላል» ይላት ነበር። እሷ አትስቅም። ሌሊቱን መደቡ ላይ ቁጭ ብላ በሩን እያየች ታነጋለች፤ ዘሩ እናቱን ተኝታ አይቶ ሳያውቅ ነው ያደገው።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጭንቀቷ አዲስ ስም አገኘ፤ ብሔራዊ ውትድርና። ቸኮለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኗል። ከቡሬ ካድሬ እየመጣ ስንት ወጣት እንዲያቀርብ ይነግረዋል። ወጣቱ ከገበያ ይታፈሳል፣ ከማሳ ይታፈሳል፤ አንዱን ሙሽራማ ከነሚዜዎቹ ከዳስ አውጥተው በጠፍር አስረው ወስደውታል። የሮጠ ይተኮስበታል። ሲሳይነሽ ዘሩን ገበያ መላክ ተወች፣ ቀጥላም ውኃ መውረድ ከለከለችው። በመጨረሻ ልጁ ሲያስለው እንኳ አፉን በእጇ ትይዘው ጀመር።

በሰባ ዘጠኝ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። መምሬ ይሄይስ አንድ ዐይናቸው የጠፋ፣ በርበሬያቸውን ራሳቸው የሚኮተኩቱ፣ ምላሳቸው የማይምር ቄስ ነበሩ።

«አባቴ፣ ልቤ አልሰበሰብ አለኝ። ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ዐይኔ ግን በሬ ላይ ነው» አለቻቸው።

«በርሽ ስንት መወርወሪያ አለው?»

«ሦስት።»

«ለሥላሴ ነው?»

«ለፍርሃቴ ነው፣ አባቴ።»

አርባ ስግደት ይሰጡኛል ብላ አንገቷን ደፋች። ስግደት አትፈራም፤ ጉልበቷ ብረት ነው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስግደት ብሰጥሽ ሰግደሽ ትጨርሽና ተመልሰሽ ትዘጊያለሽ። ቀኖናሽ ይኸ ነው፤ የታችኛውን ዛሬ አውጭው። አርባ ቀን ሲሞላ የመካከለኛውን፣ ደግሞ አርባ ቀን ሲሞላ የላይኛውን። ቅዳሴም እስኪያሰናብቱሽ ትቆያለሽ።»

«ልጀን ቢወስዱብኝስ?»

«እስከ ዛሬ ያ እንጨት ማንን አዳነ?»

መስቀል ሳትሳለም ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ ግን የታችኛውን አወጣች።

መወርወሪያዎቹን እንደታዘዘችው በየቀናቸው አወጣች፤ የቅዳሴው ስንብት ብቻ አልሆነላትም። እስከ መስከረም ያለውን አርባ ቀን የጅቡ መወርወሪያ ሊወጣ ነው እያለች፣ እስከ ጥቅምት ያለውን የሽፍታው ሊወጣ ነው እያለች በፍርሃት አሳለፈችው። የላይኛውን መወርወሪያ ያወጣች ዕለት እግሯ ላይ ጣለችውና አውራ ጣቷን ቀጠቀጠችው። ከዚያ በኋላ በሩ ንፋስ በነካው ቁጥር ሲከፈት ሲዘጋ ያድራል፤ እሷም ጋደም ትላለች እንጂ ተኛች አይባልም።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ጎህ ሲቀድ ሚሊሻዎች መጡ። የሸሸው ወጣት ሁሉ ለበዓሉ ቤቱ እንደሚገባ አውቀው ነው። መጀመሪያ ውሻው ጮኸ፣ ከዚያ ተኩስ ተሰማ፣ ከዚያ ውሻው ዝም አለ። ዘሩ ከጎታው ኋላ ተወሸቀ። ሲሳይነሽ ዘልላ ወደ በሩ ሄደች፤ እጇ መወርወሪያውን ፍለጋ መቃኑን ዳበሰ፤ ቀዳዳዎቹ ባዶ ናቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳንቃው ኋላ ተለጥፋ ነጠላዋን ነከሰች።

ቸኮለ ጠመንጃውን አንግቶ ደፉ ላይ ቆመ። ትንፋሹን ትሰማዋለች። ወደ ውስጥ አየት አደረገና ሳቀ። «የሲሳይነሽ በር ክፍት ኸሆነ ሲሳይነሽ የለችም! ልጇን ይዛ በረሓ ወርዳለች። ጊዜ አትፍጁ፣ ወደ ስንዱ ቤት!»

የጎረቤቷ የስንዱ በር ተዘግቶ ነበር። ግንድ ተሸክመው መጥተው ሦስት ጊዜ መቱት፤ በሦስተኛው ከነመቃኑ ወደቀ። ስንዱ የመጀመሪያውን ሚሊሻ እጁን በጥርሷ ያዘችው። በሰደፍ አገጯን ሲሏት የአጥንቱ ድምፅ ሲሳይነሽ ቤት ድረስ ተሰማ። የስንዱ ልጅ መንበሩ የጣራውን ሣር ቀድዶ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ጭኑን መቱት። በሬ በሚታሰርበት ጠፍር አስረው፣ ደሙ እየተንጠባጠበ፣ እናቱ ስሙን በተሰበረ አገጭ ልትጠራ እየሞከረች፣ እየጎተቱ ወሰዱት። ያን ጠዋት ከአጥቢያው ሰባት ልጅ ወጣ።

ሲሳይነሽ ሁሉንም ሰማች፤ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ስንዱ ዘንድ ሄዳ ዘሩ ቤት ውስጥ እንደነበረ ነገረቻት። ስንዱ በጥፊ መታቻት። ከዚያ እዚያው አንገቷ ላይ ተንጠልጥላ አለቀሰች።

ሰው መቼም ከጭንቀት ቢያመልጥ ወደ ሌላ ጭንቀት ነው። ሲሳይነሽ ክፍት በር ልጇን እንዳዳነላት ካመነች በኋላ በሩ እንዳይዘጋ ትጨነቅ ጀመር። ትልቅ ድንጋይ አምጥታ ሳንቃው ሥር ሸጎጠች። ሌሊት እየተነሣች ክፍት መሆኑን ትዳብሳለች። ዘሩ ከብርዱ የተነሣ ገርበብ ያደረገው ዕለት ጆሮውን ጠመዘዘችው። መምሬ ይሄይስ ድንጋዩን አይተው ገባቸው።

«ድሮ መዝጊያውን ታመልኪ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ክፍቱን። እግዜርን ዘበኛ አድርገሽ ቀጠርሽው?»

«ልጀን እኮ አተረፈልኝ፣ አባቴ!»

«የስንዱንስ?» አሉ። ሲሳይነሽ ድንጋዩን አላነሣችም።

በጥር ጤፍ ሲወቃ ካድሬው ራሱ ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ዘሩ አውድማ ላይ በሬ እየነዳ ነበር፤ እናቱ ገለባ ትጠርጋለች። ቸኮለ ከካድሬው ጎን ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ዘሩ መንሹን አንሥቶ የቀደመውን ሚሊሻ ፊቱን ሰነጠቀው። ከዚያ አምስት ሆነው ወረዱበት። እህል እንደሚወቃ ወቁት፤ ሲወድቅም አላቆሙም፤ በሬዎቹ ደንብረው ረገጡት። ያልተነፋው ጤፍ ደም ጠጣ። ሲሳይነሽ የቸኮለን ቀበቶ ይዛ ተንጠለጠለች።

«ልጅህ ነው! አንተ አይደለህ ክርስትና ያነሣኸው? ልጅህ ነው!»

«ምን ትጠብቃለህ፣ አስለቅቃት እንጂ!» አለ ካድሬው። ቸኮለ ዐይኑን ጨፍኖ በሰደፍ ትከሻዋን መታት። ክንዷ ተሰብሮ ተንጠለጠለ።

የተሰበረ ክንዷን በመቀነቷ አስራ እስከ ፍኖተ ሰላም በእግሯ ሄደች። ልጆቹ የታጎሩበት ግቢ ዙሪያውን እናት ሞልቶታል፤ ወታደሮቹ በዱላ ይገፏቸዋል። በማግስቱ መኪኖቹ ሸራ ለብሰው ወጡ። ከአንደኛው ውስጥ «እማየ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ግን መኪናው ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ የሚጮኸው ያንኑ ቃል ነበር።

አገሩም «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለ። አገር ለዚህ ለዚህ አይሰንፍም።

ቤቷ ገብታ ድንጋዩን በእግሯ ገፍታ አወጣችው፤ ሦስቱንም መወርወሪያ በአንድ እጇ መለሰቻቸው። ልጅ የለ፣ ባል የለ፣ በሬዎቹንም ሸጣቸዋለች፤ ምኑን እንደምትጠብቅ እሷም አታውቅም። መምሬ ይሄይስ መጥተው ሲያንኳኩ አልከፈተችም።

«አንቱ ነዎት ያታለሉኝ!» አለቻቸው ከውስጥ። «አመንሁ፣ ከፈትሁ፣ ልጀን ወሰዱት!»

ቄሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «አይወስዱትም አላልሁሽም። ልጅሽን ያስያዘው በሩ አይደለም፤ በሩም አያስጥለውም ነበር። እኔ ያዘንሁት አንች ሞት ሳይመጣ በየቀኑ ስለምትሞችው ነው። ክፉውንማ ሲመጣ እንችለዋለን፤ አብሮን የሚችል አለ። ያልመጣውን ግን ብቻሽን ነው የምትሸከሚው።»

«ይሂዱልኝ።»

«እሄዳለሁ» አሉ። ግን እስኪመሽ አልሄዱም፤ ውዳሴ ማርያማቸውን እዚያው ደጃፏ ላይ ደገሙ።

ክንዷ የጠገገው በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መካከል ነው። የጠገገ ዕለት መጥረቢያዋን ይዛ በእኩለ ቀን ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ያዩዋት ሁሉ አውቀዋል፤ ያስቆማት አልነበረም። ስንዱ ብቻ ከደጇ ሆና መሰስ ብላ ስታልፍ አየቻትና «በርችልኝ» አለቻት።

የቸኮለ በር ተዘግቶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ! በመጥረቢያዋ አናት መታችው። ከውስጥ ሰው ሲሯሯጥ ተሰማ። ከዚያ እንጨት ሲወረወር ሰማች፤ አንድ። ደግሞ ሌላ፤ ሁለት። ደግሞ ሌላ፤ ሦስት። ይህን ድምፅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት አድሯል።

«ማነው?» አለ ቸኮለ። «ብቻህን ነህ?»

ሲሳይነሽ መጥረቢያውን ከራሷ በላይ አንሥታ በስለቱ ሳንቃውን አንድ ጊዜ ሰነጠቀችው። በስንጥቁ ውስጥ ዐይኑ ታየ። የሊቀመንበር ዐይን አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የቀላ፣ የራሷን የሚመስል ዐይን ነው።

«የኅዳር ሚካኤል ማግስት አይቸው ነበር» አለ ከውስጥ እያለቀሰ። «እግሩ ኸጎታው ኋላ ይታይ ነበር። አይቸ አለፍሁት። በጥር ግን ካድሬው አጠገቤ ቆመ፤ ወይ እሱን ወይ የገዛ ልጅህን አምጣ አለኝ። ለልጀ ፈርቸ ነው። ፈርቸ ነው፣ እትየ ሲሳይነሽ!»

እንግዲህ በሩ አልነበረም ያዳነው። በሩ ቢዘጋም ቢከፈትም ያው ነበረ። አንድ ፈሪ ሰው አንድ ቀን ራርቶለት ኖሯል፤ በሌላው ቀን ፍርሃቱ በልጦበታል። ሲሳይነሽ መጥረቢያውን ይዛ ቆመች። ልትገድለው ትችል ነበር፤ ሳንቃው የዋንዛ ነው፣ ሦስት ቢመታ ይወድቃል። ግን ከውስጥ የምትሰማው ትንፋሽ የማን እንደሆነ ጠፋባት። አሥራ ሁለት ዓመት በሩን ስታይ ያደረችው ሴት እዚያ ውስጥ የተቀመጠች መሰላት፤ እሷን ደግሞ ለመግደል አልጨከነችም። አዘነችላትም፤ ተጸየፈቻትም።

«ተቀመጥ እንግዲህ» አለችው። «እኔ ግን ሰለቸኝ።»

ቤቷ ተመልሳ ሦስቱን መወርወሪያ አወጣችና ደጃፏ ላይ ፈለጠቻቸው። ወይራ ጥሩ ይነድዳል። ባንደኛው የዕለቱን ሽሮ አበሰለች፤ ግማሹን ለስንዱ ወሰደችላት። ስንዱ ሳህኑን ወረወረችው፤ ደም እንጂ ሽሮ አልጠበቀችም ነበር። በማግስቱ ሲሳይነሽ ደግማ ወሰደች። በሦስተኛው ቀን ስንዱ በላች።

እሑድ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል መምሬ ይሄይስ በአንድ ዐይናቸው የሴቶቹን ወገን አዩ። ሲሳይነሽ እንደቆመች ነበር።

«ምን አገኘሽ?» አሏት በኋላ።

«ምንም አላገኘሁ። ደከመኝና አስረከብሁት። ልጀም የሱ ነው፣ በሩም የሱ ነው፤ እንደወደደ ያድርገው።»

ሰው «ሲሳይነሽ ሐዘኗን ረሳች» እያለ ያማት ነበር። እንዲህ ያለውን ወሬ አልወድም። አልረሳችም፤ ጤፍ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ግን ስታለቅስ ታለቅሳለች፣ ሲመሽ ትተኛለች። በተከፈተ በር ጎረቤት ይገባል፣ ዶሮ ይገባል፤ አንድ ጊዜም ጅብ ገብቶ አህያዋን በልቷል። ከአህያዋ የተረፈውን ቀብራ፣ ለጅቡ አንድ እርግማን ሰጥታ፣ ያንኑ ማታ ተኛች።

ሰማንያ ሦስት መጣ። ወያኔ ቡሬን ሲይዝ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ሰዎች ዱላ ይዘው ቸኮለ ቤት ሄዱ። ባለ ሦስት መወርወሪያውን በር አልነኩትም፤ የኋላውን ግድግዳ ንደው አወጡትና በዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ሲሳይነሽ ደርሳ «ተዉት!» ብላ ጮኸች፤ የሰማት የለም። ሬሳውን ገንዘው የቀበሩት ሚስቱ፣ መምሬ ይሄይስና እሷ ናቸው።

በሰኔ የተበተነው ሠራዊት እየለመነ በየመንገዱ ይመጣ ጀመር። የስንዱ መንበሩ እንደሞተ አንዱ ነግሯት አለፈ። ስለ ዘሩ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ሲሳይነሽ መደቧ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ጋደም አለች። ዘሩ የመጣው ያን ሰዓት ነው። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም፤ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሏል። ከሩቅ ቤቱን ሲያይ በሩ ክፍት ነው። ቀረብ ሲል መቃኑን አየ፤ መወርወሪያ የለም። ደፉን አየ፤ አባቱ የወደቀበትን ደፍ። አንገቱን ወደ ውስጥ ሲሰድ እናቱ በቀትር፣ በሩ እንደተከፈተ፣ እግሯን ዘርግታ ተኝታለች። ይህን በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሳይነካት አወቀ።

«ገደሏት!» ብሎ ጮኸ። «እናቴን ገደሏት! ኡኡ! ያገር ያለህ!»

ስንዱ ምሳር ይዛ ከማሳዋ ደረሰች። ሌላውም ሰው ዱላ ዱላውን ይዞ ከየቤቱ ወጣ። ዘሩ ጭቃው ላይ ተደፍቶ በአንድ እጁ ደረቱን ይመታል። ሲሳይነሽ ነጠላዋን ገፍፋ ብድግ አለች፤ ጸጉሯ ተንጨባርሯል።

«ማን ነው ሰው የማያስተኛ?» አለች ተቆጥታ።

ከዚያ አየችው። እጁ የነበረበትን ቦታ አየች፣ ስንዱን አየች፣ መልሳ እሱን አየች። ስንዱ ምሳሩን ጥላ ቀድማት ደረሰችና ልጁን ከጭቃው አቅፋ አነሣችው፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ሲሳይነሽ አላስቸኮለቻትም። ተራዋ ሲደርስ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችለት።

«እማየ፣ በሩን ማን ሰበረው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ዝናብ ላይ አትቁም፣ ግባ፤ ክፍት ነው።»

ማታ ዘሩ መተኛት አቃተው። ተነሥቶ ሞፈሩን ጎተተና በአንድ እጁ ከበሩ ኋላ ገተረው። ሲሳይነሽ ሰምታዋለች። ሲነጋ ሞፈሩን አንሥታ ቦታው መለሰችው፤ ማታ ደግሞ ገተረው፤ ጠዋት ደግሞ መለሰችው። ስንዱ አይታ «ምነው አትቆጭውም?» ስትላት፣ እሷም የጀመረችው በታችኛው መወርወሪያ እንደነበር ነገረቻት፤ ለሱም አርባ ቀኑን ከዛሬ እንደምትቆጥርለት።